የቅዳሜና እሁድ ኬሚስትሪ

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ማሪያን የምትባለው ነርስ "ሩላቶሩን አምጪልኝ" ብላ ላከችኝ። እኔ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ መጣሁ። ማሪያን ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ራሷ ሄዳ አዛውንቶች ተደግፈውት እየገፉ የሚሄዱበትን ባለጎማ መደገፊያ አመጣች። "ሩላቶር ይሄ ነው። ያ ሩልስቱል ነው" አለችኝ። ሁለቱንም ስም ደጋግሜ በቃሌ አጠናሁ። ከሰዓት በኋላ "ሩልስቱል" ስትለኝ ሩላቶር ይዤላት ሄድኩ።

ቦታው ስቶክሆልም ውስጥ ሃግሴትራ ነው፤ ቱነልባና የሚባለው የምድር ባቡር አረንጓዴ መስመር መጨረሻ። ከጣቢያው ወጣ ብሎ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ፣ እኛ ሐበሾች በስዊድንኛው "ቡዌንዴ" የምንለው ነው። እዚያ በረዳት ነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ ጡረታዬም ሩቅ አይደለም። አዲስ የሚገቡ ልጆች "ሰብለ፣ ከረዳትነት ወደ ነርስነት እንዴት ተሻገርሽ?" ይሉኛል። እየተደናገርኩ ነው የተሻገርኩት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የሰዎቹን ስም ግን ለውጫለሁ።

የረዳት ነርስ ሥራ የእጅና የዓይን ሥራ ነው። ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል፣ ያጥባል፣ ያለብሳል፣ መነሣት የማይችለውን በማንሻ ማሽን ከአልጋ ወደ ወንበር ያዛውራል፣ የተኛውን ያገላብጣል። ገላው እንዳይቆስል ተረከዙንና ዳሌውን በየቀኑ ያያል። ነርሷ ለክታ ያዘጋጀችውን መድኃኒት በውክልና ይሰጣል። ይኼን ሁሉ ተማርኩ፤ ጥሩ እሠራ ነበር ብል አላፍርም።

ብሪታ የምትባል፣ በጣም ንጹሕና በጣም ነገረኛ የሆነች አሮጊት ነበረች። አንድ ጠዋት ልብስ ሳለብሳት አተነፋፈሷ አላማረኝም። ለማሪያን ደወልኩ።

"አተነፋፈሷ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ልክ አይደለም።"

"እንዴት ነው ልክ ያልሆነው?"

"እንጃ፣ ብቻ ልክ አይደለም" አልኳት። ማሪያን መጣች፤ ደረቷን አዳመጠች፣ ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ጫን አድርጋ አየች፣ ወዲያው ለሐኪም ደወለች። የብሪታ ልብ ደክሞ ሳንባዋ ውኃ መያዝ ጀምሮ ነበር። ሆስፒታል ሄዳ ተሽሏት ተመለሰች፤ ነገረኛነቷም አብሯት ተመለሰ። ማሪያን በዚያ ቀን መጨረሻ ላይ "ቀድመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። ያየሽው ምን እንደሆነ ግን አላወቅሽም" አለችኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም። እኔ ግን ቤቴ ብሬዴንግ እስክደርስ ቃሏን ሳመላልሰው ነበር።

ለነርስነት ትምህርት ልመዘገብ ሄድኩ። የጎልማሶች ትምህርት ቤት አማካሪዋ የአዲስ አበባ የትምህርት ማስረጃዬን አገላብጣ አየችውና የተፈጥሮ ሳይንስና ሒሳብ እንደሚጎድለኝ ነገረችኝ። "ለሠራተኞች የተፋጠነ ኮርስ አለ፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ" አለች። የተፋጠነ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ቶሎ የሚያልቅ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ "ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ትምህርት አለኝ" ስላቸው "ሰንበት ትምህርት ቤት ገባሽ? እሰይ!" አሉኝ። አተምና ሴል ነው ብል ማን ሊሰማኝ። ቅዳሴ መቅረቴን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና "በሽተኛ መርዳትም ጸሎት ነው። ፈተናውን ግን እለፊ" አሉኝ።

መምህሩ ቶማስ ይባላል። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር ባቡር የሚያመልጠው የሚመስል ሰው ነው። ከምሳ በፊት አንድ ምዕራፍ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ምዕራፍ ይጨርሳል። በየመሀሉ "ግልጽ ነው?" ይላል። ክፍሉ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም እነቀንቃለሁ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጠዋት ስለ ደመና የምንማር መስሎኝ ነበር ያሳለፍኩት። ቶማስ "ሞል" ይላል፤ እኔ "ሞልን" እሰማለሁ። ሞልን በስዊድንኛ ደመና ነው። አንድ ደመና ካርቦን፣ ሁለት ደመና ሃይድሮጅን እያልኩ ጻፍኩ። ጋዝ ስለሆነ ይሆናል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት። ምሳ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ደብተሬን አይታ በእንጀራዋ ልትታነቅ ደረሰች፤ አማርኛ የምታነብ ኤርትራዊት ነበረች። "ደመና አይደለም፣ ሞል ነው" አለችኝ። "ሞል ምንድን ነው?" አልኳት። "እሱንማ እኔም አላውቅም" አለች።

ከዚህ የባሰው ሲሬና ሲራ ነበር። ሲሬ ኦክስጅን ነው፤ ሲራ አሲድ ነው። በአንዲት ፊደል ጅራት የሚለያዩ ሁለት ቃላት። ትንፋሽ ላጠራቸው ሰዎች በሥራ ቦታ "ሲርጋስ" በአፍንጫቸው እንሰጥ ነበርና፣ ለሰው አሲድ ስሰጥ ኖሬአለሁ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ባለቤቴ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ማታ ስነግረው "አሲድ ቢሆን ሞተው ነበር እኮ" አለኝ። ልክ ነው፤ ግን አላረጋጋኝም።

በዚያው ሰሞን ወደ ሃግሴትራው መኖሪያ ዶክተር በላቸው ገቡ። በወጣትነታቸው ለትምህርት ስቶክሆልም መጥተው በኬሚስትሪ ዶክትሬታቸውን የያዙ፣ ብዙ ዓመት በቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ የሠሩ፣ ኋላም ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሞታለች። የመርሳት በሽታው ሲመጣባቸው ስዊድንኛውን ነው አስቀድሞ የወሰደባቸው፤ አማርኛው ቀረላቸው። እንግዲህ ሠራተኛው ሁሉ እሳቸውን ማናገር ሲያቅተው "ሰብለ፣ ነይ" ይላል። ሄጄ ስጠይቃቸው ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ላቦራቶሪው በየት በኩል እንደሆነ።

አንድ ቀን በእረፍቴ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጬ መጽሐፌን ሳገላብጥ ቆመው አዩኝ።

"ምንድን ነው የምታነቢው?"

"ኬሚስትሪ ነው፣ ጋሼ። አልገባ ብሎኝ ነው።"

"የቱ ነው ያልገባሽ?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም የሚባል ጥያቄ የለም። አንዱን ጥሪ።"

ሲሬንና ሲራን ጠራሁ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፊታቸው የሌላ ሰው ሆነ። "የጥንቶቹ ኬሚስቶች አሲድን አሲድ የሚያደርገው ኦክስጅን ነው ብለው አሰቡ። ስለዚህ 'አሲድ ወላጅ' ብለው ስም አወጡለት። ስዊድኖቹም ያንኑ ወረሱ። ኋላ ሲታይ ተሳስተው ኖሯል። ስሕተቱ ታረመ፣ ስሙ ግን ቀረ። አንቺ የተምታታብሽ የእነሱ መምታታት ነው" አሉኝ።

ስለ ሞልም ጠየቅኋቸው። "ጤፍ ማን በፍሬ ቆጥሮ ይገዛል? ይሰፈራል እንጂ። ሞል የኬሚስቶች ቁና ነው። አተሞቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ አይቆጠሩም፤ በቁና ይሰፈራሉ። የአንዱ ቁና ይከብዳል፣ የሌላው ይቀላል፤ ፍሬው ግን እኩል ነው።"

ገባኝ። ከስንት ቅዳሜና እሁድ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሳቸው ግን ይኼን አላዩም። ተነሡና "ወይዘሪት አስቴር፣ በሚቀጥለው እንዳትቀሪ" ብለውኝ ሄዱ። ወይዘሪት አስቴር ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ በእረፍቴ ሁሉ ወደ እሳቸው ነበር የምሄደው። አንዳንድ ቀን ሰብለ ነኝ፣ አንዳንድ ቀን አስቴር ነኝ፣ አንዳንድ ቀን ሊቀጥሩኝ ለቃለ መጠይቅ የጠሩኝ ሰው ነኝ። ትምህርቱ እስከገባኝ ድረስ ማንም ብሆን ግድ አልነበረኝም።

የአሲድን ብርታት በቁጥር ስለሚያሳየው ፒኤች የጠየቅኋቸው ዕለት "ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አሲዱ ይበረታል። በቃ ይኼው ነው" አሉኝ። ቀላል ነው፣ ለአእምሮም ይስማማል። በደብተሬ ላይ አሰመርኩበት።

ቅዳሜ ቶማስ ክፍሉን "የጨጓራ አሲድ ፒኤቹ ከፍተኛ ነው ዝቅተኛ?" ሲል ጠየቀ። ኮርሱ ከተጀመረ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ።

"ከፍተኛ" አልኩ።

"ዝቅተኛ ነው።"

"አይደለም። እኔን ያስተማረኝ የኬሚስትሪ ዶክተር ነው።"

ከኋላ የሳቀ ነበር። ቶማስ አልሳቀም። በግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ አሳየን፤ ሎሚ ከታች፣ ውኃ መሀል፣ ሳሙና ከላይ። "ቁጥሩ ሲያንስ ነው አሲዱ የሚበረታው" አለ። ከዚያ "ግልጽ ነው?" አለ። በዚያ ቀን ራሴን አልነቀነቅሁም።

ወደ ቤት ስመለስ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር በቀዩ መስመር ወደ ሌላው ቅርንጫፍ የሚሄደውን ባቡር ይዤ ብሬዴንግን ስጠብቅ ፍሩዌንግ ደረስኩ። ከባቡር የወረድኩት እዚያ ሹፌሩ የመጨረሻው ጣቢያ መሆኑን ሲናገር ነው።

ሰኞ ዶክተር በላቸውን ረጋ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ጋሼ፣ ፒኤች ሲጨምር አሲዱ ይበረታል አይደል?"

ዓይናቸው ፈጠጠ። "ማነው እንዲህ ያለሽ ደንቆሮ?"

ያሰመርኩበትን ገጽ በእጄ ሸፈንኩ።

"ሲቀንስ ነው እንጂ! ሎጋሪዝም ነው፣ የመቀነስ ምልክት አለው። ይኼን ያስተማረሽን ሰው ሁለተኛ እንዳትሰሚው።"

"እሺ፣ ጋሼ" አልኩ።

ያን ዕለት ደብተሬን ዘርግቼ ያስተማሩኝን ሁሉ ከመጽሐፉ ጋር ማመሳከር ጀመርኩ። ችግሩ መጽሐፉ በስዊድንኛ ነው፤ መጀመሪያውኑ የማይገባኝ እሱ ነው። የሚገባኝ የማይታመን፣ የሚታመነው የማይገባኝ ሆነ። ስለ ሞል ያሉኝስ? ስለ ኦክስጅን ስም ያሉኝስ? ገባኝ ብዬ ያለቀስኩበት ነገር እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ሰው እንዳልገባው ሲያውቅ አንድ ነገር ነው። ገብቶት እንደሆነ አለማወቁ ግን ክፉ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዶክተር በላቸው ሶፊያ የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ስቶክሆልም ተወልዳ ያደገች። አማርኛ ጥቂት ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። አባቷ አመሻሽ ላይ ጠመኔ ሲፈልጉ፣ "ተማሪዎቹ እየጠበቁኝ ነው" እያሉ በር በሩን ሲሉ አገኘቻቸው። ምክንያቱን ጠይቃ ደረሰችበትና ለማሪያን አቤት አለች።

ማሪያን ቢሮዋ ጠራችኝ።

"በሥራ ሰዓት ነው የምታጠኚው?"

"አይደለም፣ በእረፍቴ ነው።"

"እረፍቱ የአንቺ ነው። እሱ ግን የአንቺ አይደለም" አለች። "እዚህ የሚኖረው ልንንከባከበው ነው። ከዚህ በኋላ ይቁም።"

እውነቷን ነው። ግን ደግሞ ሲያስተምሩ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን ማሪያን አላየችም። ጎዳኋቸው ወይስ ጠቀምኳቸው? ሁለቱም መሰለኝ። ከእሳቸው ጋር ማጥናቴን ተውኩ።

እኔ ብተወውም እሳቸው አልተዉትም። በእረፍት ሰዓቴ ሳሎኑ ጥግ ወንበር ስበው ይጠብቃሉ። ምግባቸውን ትተው የሚነሡበት ቀን ነበር። እኔ በሌላው ኮሪደር እያለፍኩ አያቸዋለሁ። አንድ ረቡዕ ሶፊያ ልትጠይቃቸው መጥታ ከእሳቸው ክፍል ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። ተቆጥታ የነበረች ሴት ናትና ልሸሽ ነበር። እሷ ግን በስዊድንኛ "አንድ ቃል ልጠይቅሽ። 'አቋረጠች' ምን ማለት ነው?" አለችኝ።

"ተወችው፣ ሳትጨርስ ቆመች ማለት ነው። ለምን?"

"አባዬ ደጋግሞ 'ያቺ ልጅ ትምህርቷን አቋረጠች?' ይለኛል። ትምህርት የሚለው ገብቶኛል። ሌላው አልገባኝም።" ቀጥላ "ስለ አንቺ ነው?" አለች።

"ይመስለኛል። ወይም ስለ ድሮ ተማሪያቸው ይሆናል። አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም" አለች ሶፊያ። ተቆጥቶ የነበረው ፊቷ በዚያች ቃል ላላ።

እየጠበቁኝ መሆናቸውን ለማሪያን አብረን ነገርናት። ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ ረቡዕ ረቡዕ፣ ፈረቃዬ ካለቀ በኋላ፣ ሶፊያ ባለችበት፣ እሳቸው እስከፈለጉ ድረስ ብቻ፣ ሲደክማቸው ወዲያው ይቆማል።

እንግዲህ ሦስት ሆነን በክፍላቸው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። እሳቸው በአማርኛ ያስተምራሉ። እኔ ለሶፊያ በስዊድንኛ እተረጉማለሁ። ሶፊያ ስልኳ ላይ ትክክል መሆኑን ታይና በጠረጴዛው ሥር አውራ ጣቷን ታነሣልኛለች ወይም ትደፋለች። እኔ ኬሚስትሪው፣ ሶፊያ አማርኛው፣ እሳቸው ዘመኑ ተምታቶብን፣ ሦስታችንም ግራ ተጋብተን ትምህርቱ ይሄድ ነበር። አንዴ "ይህቺ ሴትዮ ምን እያየች ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ማስታወሻ እየያዘች ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ጎበዝ" አሉ።

ቀደም ሲል ያስተማሩኝን ከሶፊያ ጋር አንድ በአንድ አየነው። የሞሉ ቁና ትክክል ነበር። የኦክስጅንም ስም ትክክል ነበር። ከፒኤች ሌላ የተሳሳቱት ጥቂት ነው። እረፍት ተሰማኝ፤ ግን ትክክሉን ከስሕተቱ በራሴ ለመለየት አለመቻሌን አየሁ። ከዚያ ወዲያ አንድን ነገር ገባኝ የምለው ደብተሬን ዘግቼ፣ ለሶፊያ በራሴ ቃል አስረድቼ፣ እሷ ስትጠይቀኝ መመለስ ስችል ብቻ ሆነ።

አንድ ረቡዕ ስለ ሳሙና እያስረዱን ነበር። አንደኛው ጫፉ ውኃ ይወዳል፣ ሌላኛው ጫፉ ቅባት ይወዳል፤ ስለዚህ ቅባቱን ይዞ ከውኃው ጋር ይወጣል ይላሉ። ሶፊያ የእኔን ትርጉም ሳትጠብቅ በተሰባበረ አማርኛ "ለምን... ሁለት ዓይነት ጫፍ አለው?" ብላ ጠየቀች። አባቷን በአማርኛ ጥያቄ ስትጠይቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ዶክተር በላቸው ወደ እሷ ዞሩ፤ ፊታቸው በደስታ በራ። "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወይዘሪት" አሉና ረጅም መልስ ጀመሩ።

ሶፊያ ወደ እኔ አየች። ልጃቸው መሆኗን አላወቁም፤ ያን ያህል ፊታቸው በርቶ ደግሞ አይታቸው አታውቅም። "ምን አለ?" አለችኝ። ሰምታዋለች፤ ገብቷታልም። ቢሆንም ተረጎምኩላት፦ "ጥያቄሽ በጣም ጥሩ ነው አሉ።"

ፈተናውን ወደቅሁ። ብዙ አልጎደለኝም፤ ግን ወደቅሁ። ቶማስ በኮሪደሩ ላይ አስቁሞኝ "መልሶችሽ ውስጥ ያለው ሐሳብ ልክ ነው፣ ጥያቄውን ግን ሌላ አድርገሽ አንብበሻል። ድጋሚውን ውሰጂ" አለኝ። ድጋሚው ላይ እያንዳንዱን ጥያቄ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ ያልገባኝን ቃል እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። አለፍኩ፤ ውጤቴ "ኢ" ነው። በስዊድን ኢ ዝቅተኛው ማለፊያ ነው።

ረቡዕ ሮጬ ለዶክተር በላቸው ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ አለፍኩ! ኢ አገኘሁ!"

ፊታቸው ወደቀ። "ኢ?" አሉ። "በእኔ ጊዜ ኢ ማለት ወድቀሻል፣ ዕቃሽን ሸክፊ ማለት ነው።" እዚህ አገር ማለፊያ ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ሶፊያም በአማርኛዋ ሞከረች። አልተቀበሉንም። በመጨረሻ እጄን መታ መታ አድርገው "አይዞሽ። ለድጋሚው አብረን እንሠራለን" አሉኝ። "እሺ" አልኩ። በሚቀጥለውም ረቡዕ ሄድኩ፤ በተከታዩም። ለሌለ ፈተና ተማርኩ።

ሒሳቡን በሚቀጥለው ወቅት ወሰድኩ፤ የስዊድንኛ ቃል ስለማይበዛበት ቀለለኝ። ነርሲንግ ትምህርት ቤት ገባሁ። ዶክተር በላቸው በመጀመሪያው ዓመቴ ክረምት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ተኝተው እንዳሉ አረፉ። ሶፊያ ደወለችልኝ። ለቀብሩ የምታነበውን በአማርኛ መጻፍ ፈልጋ ነበር። "'አስተማሪ' ነው የምለው ወይስ 'መምህር'?" አለችኝ። ሁለቱም ይሆናል አልኳት። ሁለቱንም አለች። ያዳመጠው ሰው ሁሉ ገባው።

አሁን በሆስፒታል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በቅርቡ አንድ ወጣት ሐኪም ለአንዲት ኩላሊቷ ለደከመ ታካሚ የመድኃኒት መጠን በስልክ አዘዘ። መጠኑ በዛብኝ። "አልገባኝም፣ ለምን ይሄን ያህል?" አልኩት። ደገመው። "አሁንም አልገባኝም" አልኩት። ተነፈሰና ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳኝ። እሱ ልክ ነበር፤ እኔ የቆየ የላቦራቶሪ ውጤት ነበር የያዝኩት። አመሰገንኩት፤ መድኃኒቱን ሰጠሁ። አጠገቤ የነበረችው አዲስ ነርስ "አላፈርሽም?" አለችኝ።

አላፈርኩም። ያልገባኝን መድኃኒት አልሰጥም። የነገረኝ ሰው እርግጠኛ ስለሆነ ብቻ እኔ እርግጠኛ አልሆንም። ሲገባኝ እሰጣለሁ። አንዳንድ ቀን እንዲህ ማድረጌ ሥራ ያዘገያል።